ከዕጢው ይልቅ ጎረቤቱ

ሥጋ ቤት ቆሞ ጉበት ያስመዘነ ሰው ደህና ጉበት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠቆር ያለ ቀይ። ሄፓታይተስ ወይም አልኮል ለዓመታት የጎዳው የሰው ጉበት ግን ይደድራል፣ ይኮማተራል፣ ገጹም ጉብታ በጉብታ ይሆናል። ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛው የጉበት ካንሰር የሚበቅለውም እንዲህ ባለው ጉበት ላይ ነው።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የበሽተኛውም የቤተሰቡም ጥያቄ አንድ ነው፦ ተመልሶ ይመጣ ይሆን? መልሱን ከጂኖች ሥራ የሚፈልግ ምርመራ አለ።

የሰውነታችን ሕዋሳት ከጥቂቶቹ በቀር የጂን ጓዳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በርበሬውም ኮረሪማውም በሁሉም አለ። ልዩነቱ ማን ምኑን፣ ምን ያህል ይዘግናል የሚለው ነው። የጉበት ሕዋስ የሚዘግነው ሌላ፣ የዓይን ሕዋስ የሚዘግነው ሌላ። የተዘገነው የሚታወቀው አር ኤን ኤ በተባለው ሞለኪውል መጠን ነው። እሱ ደግሞ ቶሎ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለመለካት እንደወጣ በረዶ የተደረገ ናሙና ይፈለግ ነበር። ሆስፒታሎች በብዛት ያላቸው ግን ሌላ ነው፤ ፎርማሊን ውስጥ ተዘፍዝፎ በፓራፊን ሰም የረጋ፣ ቁጥር ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ ቁራጭ። ፎርማሊኑ አር ኤን ኤውን ይሰባብረዋል።

ተመራማሪዎቹ ዩጂን ሆሺዳ፣ ቶድ ጎለብና ባልደረቦቻቸው ስብርባሪውን ማንበብ የሚችል ዘዴ ተጠቅመው ወደ 6,000 የሚጠጉ ጂኖችን ለኩ። ከ20 ዓመት በላይ የቆዩ የሰም ቁራጮች ሳይቀሩ ተነበቡ። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። መጀመሪያ ያዩት 82 ጃፓናውያን የጉበት ካንሰር በሽተኞችን ነበር። ዕጢው ራሱ ስለ በሽተኛው ቀሪ ዕድሜ የረባ ነገር አልነገራቸውም! የተናገረው ከዕጢው ጋር አብሮ የተቆረጠው፣ ካንሰር የሌለበት የዳር ጉበት ነው። በዚያ ውስጥ 186 ጂኖች ረጅም የሚኖሩትን ከማይኖሩት ለዩ። በአሜሪካና በአውሮፓ የታከሙ 225 ሰዎች ላይ ሲሞከርም ሠራ።

ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ይጥመኛል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ የሚመለሰው ካንሰር በአብዛኛው የፊተኛው ርዝራዥ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ነው፤ አረሙ ቢነቀልም አፈሩ ያው ነውና እንደገና ያበቅላል። ክፉ ምልክት ባሳዩት ጉበቶች የብግነት (ኢንፍላሜሽን) ጂኖች በርትተው ነበር። ደህና ባሳዩት የተለመደውን የጉበት ሥራ የሚሠሩት ጂኖች ጎልተው ታይተዋል።

አፈሩ ይህን ያህል የሚናገር ከሆነ አረሙ ሳይበቅል ለምን አይጠየቅም? በ2013 እ.ኤ.አ. ቡድኑ ይህንኑ አደረገ። በሄፓታይተስ ሲ ምክንያት ሲሮሲስ የጀመራቸው፣ ካንሰር ያልያዛቸው የ216 ሰዎች የመርፌ ናሙና በእነዚያው 186 ጂኖች ተመረመረ። ምርመራው ለማንም የሞት ቀን አይቆርጥም። ማን ቶሎ ቶሎ አልትራሳውንድ መታየት እንዳለበት ግን ሊጠቁም ይችላል።