በባሕር ላይ ደጀን የለም፦ የጦር መርከብ በማን ጉልበት ይጓዛል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)



ስለ ጦር መርከብ ሲነሣ በአብዛኞቻችን ዐይነ ኅሊና የሚደቀነው መድፉ፣ ሚሳይሉና አዛዡ ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን ነዳጅ ስለሚያቀብሉ፣ ሞተር ስለሚጠግኑ፣ ምግብ ስለሚያበስሉና ልብስ ስለሚያጥቡ ሰዎች ነው። ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በየብስ ጦርነት ግንባርና ደጀን የሚባሉ ሁለት ስፍራዎች አሉ፤ ተዋጊው ከፊት ይሰለፋል፣ ስንቅና ትጥቅ አቀባዩ ከኋላ ይቆያል። በባሕር ላይ ግን ሁለቱ በአንድ የብረት ቀፎ ውስጥ ይኖራሉ፤ መርከቡ ሲመታም አብረው ይመታሉ። ይህን የዘነጋ ሰው የባሕር ኃይልን ብርታትም ሆነ ድካም በትክክል ሊመዝን አይችልም።

መርከቡ የሚፈጀው

መርከብ ወደቡን ከለቀቀበት ሰዓት ጀምሮ የያዘውን እየጨረሰ ይሄዳል። ቀዳሚው ነዳጅ ነው። የመርከብን ፍጥነት በእጥፍ ለማሳደግ የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፤ ውሃው የሚያሳየው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር እየበረታ ይሄዳልና። ስለዚህ አዛዡ «ፍጠን» ብሎ ሲያዝ፣ መርከቡ በዚያ ባሕር ላይ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችልም አብሮ መወሰኑ ነው።

ነዳጅ መርከቡን ከማንቀሳቀስ ሌላ ሚዛኑንም ይጠብቃል፤ በቀፎው ግርጌ ያለው ክብደት መርከቡ እንዳይገለበጥ ይረዳዋል። በታኅሣሥ 1944 በፊሊፒንስ ባሕር የአሜሪካ ሦስተኛ የጦር መርከቦች ጓድ ዲስትሮየሮቹን ነዳጅ ለመሙላት ሲሞክር ማዕበሉ ከለከለው። በማግስቱ ታይፉን መታው። «ኸል»፣ «ስፔንስ» እና «ሞናገን» የተባሉት ሦስት ዲስትሮየሮች ሰጠሙ፤ በጠቅላላው 790 ያህል ሰዎች ሞቱ። በተለይ «ስፔንስ» የነዳጅ ጋኖቹ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። በዚያ ቀን አንድም የጠላት ጥይት አልተተኮሰም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የመርከቡ የሞተር ክፍል ባለሙያዎች የባሕሩን ውሃ አፍልተው በማጥለል ወይም በግፊት በማጣራት ንጹሕ ውሃ ያወጣሉ። በእንፋሎት በሚሠራ መርከብ ከዚህ ውሃ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለእንፋሎት ማፍያው ነው፤ ጨው የገባበት ማፍያ ቱቦው ይበላሻል፣ መርከቡም ይቆማል። ማጥለያው ከታወከ መጀመሪያ የሚቀነሰው የመርከበኛው ገላ መታጠቢያ ነው።

ሦስተኛው ምግብ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኒሚትዝ» በሚል ስም የሚታወቁት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በኒውክሌር ኃይል ስለሚሠሩ ማብላያቸውን ከ20 ዓመት በላይ ያለ አዲስ ነዳጅ ያሠራሉ። ነገር ግን ከነአየር ክፍሉ 5,000 ያህል ሰው የሚኖርበት መርከብ፣ ሦስት ጊዜ ቢመገብ እንኳ በቀን 15,000 ማዕድ ያስፈልገዋል። የአውሮፕላኖቹ ነዳጅም ከውጭ ይመጣል። ኒውክሌር መርከቡን ከነዳጅ ጫኝ እንጂ ከአቅራቢ አላላቀቀውም ቢባል እንኳ ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን

ይህ ሁሉ በባሕር መካከል እንዴት ይደርሳል? በ1917 «ሞሚ» በተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ያገለግል የነበረው ወጣቱ መኮንን ቼስተር ኒሚትዝ፣ ወደ አውሮፓ የሚሻገሩ ዲስትሮየሮችን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እየተጓዙ ነዳጅ ለመሙላት የሚያስችል ዘዴ በማዘጋጀት ተሳትፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፓስፊክን ጓድ የመራው አድሚራል ይኸው ሰው ነው። ከላይ ያነሣኋቸው መርከቦችም የሚጠሩት በእሱ ስም ነው።

ሥራው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። አቅራቢው መርከብ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሳይለውጥ ይጓዛል፤ ተቀባዩ ከኋላ መጥቶ ከ30 እስከ 60 ሜትር በሚሆን ርቀት ጎን ለጎን ይሰለፋል። ፍጥነታቸው ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ22 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀጭን ገመድ በጠመንጃ ይወረወራል፤ በቀጭኑ ወፍራሙ ይሳባል፤ በመጨረሻም በተወጠረው የብረት ገመድ ላይ የነዳጅ ቱቦው ተንጠልጥሎ ይሻገራል። በሁለቱ ቀፎዎች መካከል የሚጠበበው ውሃ ፍጥነቱ ስለሚጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ መርከቦቹም እርስ በርስ የመሳሳብ ዝንባሌ ያሳያሉ። ስለዚህ መሪ የጨበጠው ባሕረኛ ለሰዓታት ዐይኑን ሳይነቅል ትንንሽ እርማት ማድረግ አለበት። የተወጠረ ገመድ ቢበጠስ ሰው ይገድላል። ገመዱ እስኪፈታ ድረስ ደግሞ ሁለቱም መርከቦች እንደ ልባቸው ሊታጠፉ አይችሉም፤ ለጠላት ከሁሉ የሚመቹትም በዚያ ሰዓት ነው።

የ1982 ትምህርት

ይህ እውነት ጎልቶ የታየው በፎክላንድ ጦርነት ነው። አርጀንቲና ደሴቶቹን ሚያዝያ 2 ቀን 1982 ስትይዝ፣ ብሪታንያ ጓዷን 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ባሕር መላክ ነበረባት። በመንገዱ እኩሌታ ገደማ ከምትገኘው አሴንሽን ደሴት በስተቀር ማረፊያ አልነበረም። የባሕር ኃይሉ የራሱ አቅራቢ መርከቦች ስላልበቁ መንግሥት ከ40 በላይ የንግድ መርከቦችን ከባለቤቶቻቸው ተረክቦ አሰለፈ፤ የመንገደኞች መርከብ ወታደር ጫነ፣ «ኡጋንዳ» የተባለው ሆስፒታል ሆነ፣ «ስቴና ሲስፕሬድ» የተባለው ደግሞ የተጎዱ የጦር መርከቦችን በውቅያኖስ መካከል የሚጠግን ተንሳፋፊ ወርክሾፕ ሆነ።

ግንቦት 4 ቀን ዲስትሮየሩ «ሼፊልድ» በኤግዞሴት ሚሳይል ተመታ። የእሳት ማጥፊያው ዋና የውሃ መስመር ስለተሰበረ ሠራተኞቹ በባሕር ተከበው ውሃ አጡ። ከሞቱት 20 ሰዎች መካከል ወጥ ቤት የነበሩ ምግብ አብሳዮች ይገኙባቸዋል፤ አንዱም ከሆንግ ኮንግ የመጣ ልብስ አጣቢ ነበር። መሣሪያ የመተኮስ ተግባር ያልነበራቸው ሰዎች በጦርነቱ መስዋዕት ዝርዝር ውስጥ ገቡ።

ግንቦት 25 ቀን ደግሞ «አትላንቲክ ኮንቬየር» የተባለው ኮንቴይነር ጫኝ የንግድ መርከብ ተመታ፤ 12 ሰዎች ሞቱ፣ ካፒቴኑም አንዱ ነበር። ከመርከቡ ጋር ሦስት ቺኑክና ስድስት ዌሴክስ ሄሊኮፕተሮች፣ ለሺዎች የሚበቃ ድንኳንም ጠፋ። ውጤቱ በየብስ ላይ ወዲያው ታየ፦ በሄሊኮፕተር ሊጓጓዙ የነበሩ ወታደሮች ከባድ ሸክም ተሸክመው ረግረጉንና ኮረብታውን በእግር አቋረጡ። የአንድ ጭነት መርከብ መጥፋት የአንድን ዘመቻ አካሄድ ለወጠ። አርጀንቲናውያኑ ሰኔ 14 ቀን እጃቸውን ቢሰጡም፣ ያ ውጤት በአቅርቦት ረገድ ለክፉ የቀረበ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ይህ ነገር ከእኛ ታሪክም የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ ከመምጣቷ በፊት «ኦርካ» ትባል ነበር። የተሠራችውም የባሕር አውሮፕላኖችን በነዳጅ፣ በስንቅና በጥገና እንድትደግፍ ነው። የባሕር ኃይላችን ሰንደቅ ተሸካሚ በትውልዷ የድጋፍ መርከብ ነበረች ማለት ነው።

ፍጻሜዋም ያስተምራል። በ1990 የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈር ምጽዋ ከእጅ ወጣች፤ በ1991 መርከቧ ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በመድፍ ተመትታ አልሰጠመችም። የጥገና ስፍራ፣ የመለዋወጫ መጋዘን፣ ነዳጅና የሠራተኛ ማደሪያ የሚሰጣት ወደብ አጣች፤ ያን ያጣ መርከብ ደግሞ ተንሳፍፎም ቢሆን አብቅቷል።

ማጠቃለያ

ስለ ባሕር ኃይል የምታጠኑ ተማሪዎች የመርከብና የመድፍ ቁጥር ስታገኙ በዚያ እንዳትረኩ አደራ እላለሁ። ስንት ነዳጅ ጫኝ አለው? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ሞተሩን የሚጠግነው ማን ነው፣ ስንት ዓመትስ ሠልጥኗል? አቅራቢው መርከብ ቢሰጥም የሚተካው አለ? የእነዚህ መልስ ካልታወቀ የመድፉ ቁጥር ብዙም አይነግረንም። የጦርነት ታሪክ ስትጽፉም የወጥ ቤቱንና የሞተር ክፍሉን ሰዎች ስም ከአዛዦቹ ስም ጎን አስፍሩ፤ አደጋውን እኩል ተካፍለዋልና።