ፈጣን የወባ ምርመራ፦ መስመሩ የሚወጣው እንዴት ነው?

በወባ የተጠረጠረ ሰው ከጣቱ ጠብታ ደም ተወስዶ መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፤ ከደቂቃዎች በኋላ መስመር ይወጣል ወይም ሳይወጣ ይቀራል። መድኃኒት መሰጠቱም ሆነ መቅረቱ በዚህ ስለሚወሰን አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

መመርመሪያው ከምን ይሠራል?

በውስጡ ያለው ነጭ ስስ ሽፋን ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። የሚሠራው ከጥጥ ወይም ከእንጨት አሰር (ፋይበር) ነው። በሽፋኑ ላይ ፀረ እንግዳ አካል የተባሉ ፕሮቲኖች በቀጭኑ ተሰምረው ይደርቃሉ። የሚጣበቁት ያለ ሙጫ፣ ከሽፋኑ ጋር ባላቸው መሳሳብ ነው። በደሙ ውስጥ የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ካለ ቀለም ተሸክሞ ሲያልፍ እዚህ ይያዛል፤ ቀለሙ ሲጠራቀም መስመር ሆኖ ይታያል።

መጣበቁ እንዴት ይለካል?

በመስመሩ ላይ ያለው ፕሮቲን ታጥቦ ከሄደ መስመሩ ይደበዝዛል፤ የታመመውም ሰው ጤነኛ ሊባል ይችላል። ይህን ለመመርመር በላቦራቶሪ ከፕሮቲኑ ጋር ፍሎረሰንት ቀለም ይያያዛል። ይህ ቀለም ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል። ፕሮቲኑ ሽፋኑ ላይ ከተደረገ በኋላ ያልተጣበቀው ይታጠባል፤ የቀረው ብርሃን በመሣሪያ ይለካል። ብርሃኑ በበረታ መጠን የተጣበቀው ፕሮቲን ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ቀለም በአንዳንድ የሕመምተኛ ምርመራዎችም ያገለግላል። ለምሳሌ የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው ትሮፖኒን ሲመረመር መሣሪያው ብርሃኑን አንብቦ ውጤቱን በቁጥር ይሰጣል።

ውጤቱ ምን ማለት ነው?

• የ«ሲ» መስመር ካልወጣ ምርመራው አልሠራም፤ በአዲስ መመርመሪያ ይደገም።
• «ሲ» ወጥቶ የምርመራው መስመር በስሱም ቢሆን ከታየ ወባ ተገኝቷል ማለት ነው።
• «ሲ» ብቻ ከወጣ ወባ አልተገኘም። ሆኖም ተውሳኩ ጥቂት ከሆነ ወይም መመርመሪያው በሙቀትና በእርጥበት ከተበላሸ ምርመራው ሊስት ይችላል።
• አንዳንድ መመርመሪያዎች ከታከሙ በኋላም ለሳምንታት ወባ አለ ሊሉ ይችላሉ። በቅርቡ ታክመው ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ልመለስ?

ወባ የለም ተብለው ትኩሳቱ ካልተወዎት ተመልሰው ይመርመሩ፤ ደምዎ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መተንፈስ ከከበደው ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።