ለጫኝና አውራጅ ሠራተኛ የሚስማማው ጫማ የትኛው ነው?

ባሕር ዳር፦ የዘር ወቅት ሲቃረብ ከጅቡቲ ወደብ የተጓጓዘው የአፈር ማዳበሪያ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት መጋዘኖች ይራገፋል። ምርት ሲሰበሰብ ደግሞ መጋዘኖቹ እህል ይቀበላሉ። የማዳበሪያው ከረጢት 50 ኪሎ ግራም፣ የእህሉ ጆንያ ብዙ ጊዜ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሸክሙን የሚያነሳው ትከሻ ቢኾንም መሬት ላይ የሚያሳርፈው እግር ነው። ይኹን እንጂ በሸበጥ፣ በኮንጎ ጫማ ወይም በበረባሶ መጫንና ማውረድ የተለመደ ነው።

ሸክም ያነሳ ሰው እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ በወጉ አያይም። በሲሚንቶ ወለል ላይ የፈሰሰ ስንዴ ወይም በቆሎ ከጫማ ሥር ይንከባለላል። ዩሪያም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ረጥቦ ወለሉን አዳላጭ ያደርገዋል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ቢያዳልጠው ሚዛኑን ሊጠብቅ ይችላል፤ ኩንታል የተሸከመ ሰው ግን ከነሸክሙ ይወድቃል። በመኾኑም ጫማ ሲመረጥ ቀድሞ መታየት ያለበት ሶሉ ነው።

ጥሩ ሶል ጥልቅ ጥርስ አለው። ጫማው በእጅ ሲታጠፍም መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት በኩል ነው፤ ከመሐሉ የሚታጠፍ ጫማ መወጣጫ ጣውላ ላይ እግርን አይደግፍም። የሶሉ ጥርስ ተበልቶ ሲለሰልስ፣ ላዩ ደኅና ቢመስልም ለመጋዘን ሥራ አይኾንም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጣት መከላከያ ነው። በተለምዶ ሴፍቲ የሚባለው ጫማ ከፊቱ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ አለው። አይኤስኦ 20345 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህ ክፍል የ200 ጁል ምት እንዲቋቋም ያዝዛል። ይህም 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ምት ጋር ይቀራረባል። በደረጃው መሠረት “ኤስ 3” የሚል ምልክት ያለው ጫማ ከዚህ በተጨማሪ ላዩ ውኃ ቶሎ አያሳልፍም፣ ሶሉም ሚስማር እንዳይበሳው ተደርጎ የተሠራ ነው። ጆንያ የሚደረደርባቸው የእንጨት ርብራቦች ሚስማር ስለማያጡ፣ ለመጋዘን ሠራተኛ ይህ ምልክት ያለው ጫማ ተመራጭ ነው።

ጫማው በልክ ካልኾነ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም የለውም። እግር በሥራ ቀን ስለሚያብጥ ጫማን ከሰዓት በኋላ፣ በሥራ ላይ በሚደረገው ካልሲ መለካት ይመከራል። ቁልቁል ሲኬድ ጣት ብረቱን መንካት የለበትም፤ ተረከዝም ከጫማው እየወጣ መግባት የለበትም። ብረቱ እንደ ቆዳ ስለማይለጠጥ “ሲለበስ ይሰፋል” ተብሎ የሚገዛ ጠባብ ጫማ ጣትን ሲያቆስል ይኖራል።

ሰልባጅ ጫማ የሚገዛ ሰውም ጥንቃቄ ያሻዋል። ከባድ ዕቃ የወደቀበት የጣት መከላከያ ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ፖሊዩሬቴን የተባለው የሶል ዓይነት ደግሞ ሳይለበስ ለዓመታት ቢቀመጥ እንኳ በእርጥበት ይፈረፈራል። ሶሉን በእጅ አጠፍ አድርጎ ስንጥቅ እንዳለው ማየት ከኪሳራ ያድናል።

የማዳበሪያ ብናኝ ስፌትንና ቆዳን ስለሚጎዳ ከሥራ በኋላ ጫማውን ማራገፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና በጥላ ማድረቅ ተገቢ ነው። እሳት ዳር የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ጫማውን ማን ይግዛው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሠራተኛው በበኩሉ የተሰጠውን በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ችግሩ የሚነሳው በማኅበር ተደራጅተው በኩንታል ሒሳብ በሚከፈላቸው ሠራተኞች ዘንድ ነው። መጋዘኑ “ማኅበሩ ይግዛ”፣ ማኅበሩም “መጋዘኑ ያቅርብ” ሲባባሉ ሠራተኛው በሸበጡ ይቀራል። ስለዚህ ጫማውን ማን እንደሚያቀርብና መቼ እንደሚቀየር የመጀመሪያው መኪና ሳይራገፍ በፊት በውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል። እግሩ የተጎዳ ጫኝ ከሥራ በዋለ ቁጥር የቀን ገቢው ይቋረጣል፤ የማዳበሪያው መራገፍም ይዘገያል።