የሂላሪ ታማር ጾታና የአንባቢ ግምት

በሣራ ኮድዌል የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ላይ አንባቢያን የሚሰነዝሯቸው አስተያየቶች አንድ ሰዋስዋዊ ጥያቄ ያዘሉ መስለው ስለታዩኝ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከአማርኛ አንጻር ለመመልከት እሞክራለሁ።

ደራሲዋ (1939–2000 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊት የሕግ ባለሙያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ፣ ጁሊያ ላርዉድ የተባለች የግብር ሕግ ጠበቃ ለሽርሽር ቬኒስ ሄዳ በሰው መግደል ትጠረጠራለች። ለንደን ያሉት የሙያ ጓደኞቿ ደብዳቤዎቿን እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ ወይን እየጠጡም ይከራከራሉ። ታሪኩን የሚተርኩትና ቋጠሮውን የሚፈቱት የኦክስፎርዱ የሕግ መምህር ፕሮፌሰር ሂላሪ ታማር ናቸው።

ወሬው በዛ፣ ሬሳው ዘገየ የሚሉ አንባቢያን አሉ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ቬኒስን በአብዛኛው የምናያት በደብዳቤ ነው። ሆኖም መርማሪው የሚያነበውን ደብዳቤ እኛም እናነባለን፤ ማስረጃው በእጃችን ሳለ ስለሚያመልጠን ደራሲዋን አታለለችን ብለን ልንከሳት አንችልም። ቀልዱም ቢሆን የሚመነጨው ከዚያው ከተንዛዛው የችሎት አነጋገር ነው። ጁሊያ አንድን መልከ መልካም ወጣት ለማማለል የምትጠበበው ክርክር እንደሚያዘጋጅ ጠበቃ ነው።

ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን ሌላ ነው። በአራቱም ልብ ወለዶች ውስጥ ሂላሪ ወንድ ይሁኑ ሴት አልተገለጸም። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር። አንዱ፣ “እንዲህ የሚመጻደቅ ወንድ ብቻ ነው” አለ፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ የሰውን ገበና እንዲህ አጥርታ የምታይ ሴት ናት ብላ ተሟገተችው። ገጹን አሳዩኝ ብል ያገኘ የለም። እኔም ብሆን በትምህርት ማስታወሻዬ ላይ ከዳር እስከ ዳር “እሱ” እያልሁ ጽፌ ኖሯል!

እንግሊዝኛው ምስጢሩን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው፤ ተራኪው አንደኛ መደብ ነው፣ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስሙም ጾታ አይለይም። በአማርኛ “ሄድሁ” የሚለው ግስ የተናጋሪውን ጾታ ስለማይናገር የፊተኛው መንገድ ክፍት ነው። ችግሩ ያለው በንግግሩ ላይ ነው። ጓደኞቹ ሂላሪን ባነጋገሩ ቁጥር ተርጓሚው “አንተ” ወይም “አንቺ” ለማለት ይገደዳል፤ አንዲት ግስ ብቻ የአራት መጽሐፍ ምስጢር ታወጣለች። መሸሸጊያው የአክብሮት መደብ ነው፤ “እርስዎ” እና “እሳቸው” ጾታ አይለዩም። እስካሁን እኔም የተጠቀምሁት በዚሁ ነው።

መሸሸጊያው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከጠበቆቹ አንዱ ጢሞቲ የሂላሪ የቀድሞ ተማሪ ስለሆነ መምህሩን “እርስዎ” ቢል አያስገርምም። ለማንም ግድ የሌለው ካንትሪፕ ሲለው ግን ቀልዱ ይሞታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ወጣቶቹ ፕሮፌሰሩን እንደ እኩያ ይተርባሉና። እዚህ ላይ “ፕሮፌሰሩን” ማለቴ ራሱ ወደ ወንድ ያደላል፤ “ፕሮፌሰሯን” ብልም አላመለጥሁም።

ተማሪዎቼን ካንትሪፕ ሂላሪን ወይን ሲጋብዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አንዱ “ወይን ይጠጣሉ ወይ?” ብሎ ጻፈ፤ ካንትሪፕ ማመልከቻ ይዞ ቢሮ የገባ ባለጉዳይ መሰለ። ሌላዋ ግሱን ጭራሽ ትታ፣ “ሂላሪ፣ ወይን?” ብላ አለፈችው።