ጥይት ያልነካቸው ሟቾች



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርስ በርስ ጦርነት ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ማለት ያንድ አገር ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚዋጉት ጦርነት ነው። ድንበር አልፎ የመጣ ጠላት የለም። ወንድም ከወንድሙ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይዋጋል።

ስለ ጦርነት ሲወራ የሚነሳው ጀግናው፣ ጠመንጃውና የተያዘው ከተማ ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እንጠይቅ። የሞተው ማን ነው? በምንስ ሞተ?

ከሩቅ አገር እንጀምር። በአሜሪካ ሰሜኑና ደቡቡ ክፍል በባርነት ምክንያት ተጣልተው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ተዋጉ። ብዙ ጊዜ እንደሚጻፈው 620,000 ያህል ወታደሮች ሞቱ። ይህ ቁጥር ምን ያህል ነው? በየደቂቃው አንድ ስም እየጠራን ሌት ተቀን ባናርፍ፣ የሟቾቹን ስም ለመጨረስ ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በላይ ይፈጅብናል። ታዲያ ከሦስት ሟቾች ሁለቱን የገደላቸው ጥይት አይደለም። ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ ወባና ሌላም በሽታ ነው።

በናይጄሪያም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1970 ጦርነት ነበር። ቢያፍራ የሚባለው ክፍል ለብቻው ልገንጠል አለ። መንገዱና ወደቡ ተዘጋበት። እህል መግባት አቃተው። ብዙዎች እንደሚገምቱት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። አብዛኛውን የጨረሰው ረሃብ ነው። ከሁሉ በላይ ያለቁት ሕፃናት ናቸው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን እንምጣ። በዚያ አገር ከ1975 እስከ 1997 ዓ.ም. በሰሜንና በደቡብ መካከል በተደረገው ጦርነት፣ በጥይት፣ በረሃብና በበሽታ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ይህ ጦርነት ለኛ ሩቅ አልነበረም። ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በበበቃ ቡና እርሻ በኩል የሚወርደው መንገድ ዲማ ያደርሳል። ዲማ ላይ የሱዳን ስደተኞች ሰፈር ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ በእግራቸው ከመጡት መካከል፣ አባትና እናት የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ነበሩ።

በራሳችንስ አገር? በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ድርቅ ገባ። ድርቁ ብቻውን አልነበረም። በትግራይ፣ በኤርትራና በወሎ ጦርነት ነበር። ገበሬው በሰላም ማረስ፣ እህልም እንደ ልብ ማለፍ አልቻለም። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከሰሜንና ከመካከለኛው አገር አንስቶ በከፋ፣ በኢሉባቡር፣ በወለጋና በሌሎችም ቦታዎች አሰፈረ። ያለ ፈቃዱ የተጫነ ብዙ ነው። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። የደጋው ሰው የቆላ ወባ አያውቅም ነበርና ብዙ ሰው በወባ ሞተ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሌላ ጦርነት ሆነ። ጦርነቱ በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። በአደራዳሪነት የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የሞተው ሰው እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። ይህም ግምት ነው። አንድ በአንድ በስም ተጽፎ የተቆጠረ አይደለም።

እንግዲህ ሰው ጥይት ሳይነካው እንዴት በጦርነት ይሞታል? በኛው አገር ኑሮ እንየው።

ጎደሬና በቆሎ ከጓሮ ይገኛል። ጨው፣ ሳሙናና መድኃኒት ግን በመኪና ነው የሚመጣ። ጸጥታ ሲጠፋ መጀመሪያ መንገዱ ይዘጋል። ቡና ገዢ ያጣል። ጨው ይወደዳል። ጤና ጣቢያው የወባ መድኃኒት ያልቅበታል። ምጥ የያዛት ሴት ሚዛን ሆስፒታል መድረስ አትችልም። ቀጥሎ ሰው ይሸሻል። ጎደሬውን መሬት ውስጥ፣ ቡናውን ዛፍ ላይ ትቶ ይሄዳል። በተሸሸበት ቦታ ሰው ይታጨቃል፤ ውሃው ይቆሽሻል፤ ሕፃናት ተቅማጥና ኩፍኝ ይይዛቸዋል። እነዚህን ሟቾች ማንም ተኩሶ አልመታቸውም። የገደላቸው ግን ጦርነቱ ነው።

ይህ የሌላ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉራፈርዳ ወረዳ ሰዎች ተገድለዋል። ብዙ ሰውም ከቤቱ ተፈናቅሏል። ትልቅ ጦርነትም ቢሆን አነሳሱ ትንሽ ነው። በመሬት፣ በወሰን፣ «እነሱ እንዲህ ሊያደርጉን ነው» በሚል ወሬ ይጀምራል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ «ያየው ማን ነው? የት? መቼ?» ብለን እንጠይቅ። ወረቀት ተጽፎ ቢመጣም አሁን ማንበብ ችለናልና ራሳችን እናንብበው። የወሰን ጠብ ሲነሳ ዱላ ሳይነሳ ሽማግሌ ይጠራ።

አንድ ሌላ ሥራም አለ። «ሁለት ሚሊዮን ያህል»፣ «እስከ 600,000» የሚባለው የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ የጻፈ ስለሌለ ነው። እናንተ ዛሬ መጻፍ ትችላላችሁ።

የቤት ሥራ፦

1. ከቤተሰባችሁ ወይም ከመንደራችሁ በጦርነት፣ በስደት ወይም በሰፈራ ጊዜ የሞተ ሰው አለ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
2. ስሙን ከነአባቱ ስም፣ የሞተበትን ዓመትና ምክንያት በደብተራችሁ ጻፉ።
3. የጻፋችሁትን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።