ብቸኛው አሳቢና ጀማዓው፦ ከጋይንት የወጣ አንድ መጽሐፍና የቀደሙ ፈላስፎቻችን

የጋይንቷ ቤተልሔም የምትታወቀው በዜማ ትምህርቷ ነው። ግለሰብ በራሱ ዐቅል ስለ ማሰቡና ማኅበረሰብን ስለ መከተሉ ለሚመረምርም የምትሰጠው ነገር አላት። በዚያ ይኖር የነበረው ካቶሊካዊው መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በዘርዐ ያዕቆብ ስም የተጻፈውን «ሐተታ» በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ላከ። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ጻፈ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን ተሟገተለት። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

መጽሐፉ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከሶ ሸሸ፤ በዋሻ ሁለት ዓመት ብቻውን ኖረ፤ ሃይማኖቶችን ሁሉ፣ እስልምናንም ጨምሮ፣ በዐቅሉ መዘነ። ወቀሳውን አንቀበልም። የሚያሳስበን ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፦ እንፍራዝ ገብቶ በውጭ እንደ ጎረቤቶቹ ክርስቲያን መስሎ ኖረ፤ በልቡ የያዘው ግን ሌላ ነበር።

የኢብን ጡፈይል (በ581 ሂጅራ የሞተው) «ሐይ ኢብን የቅዟን»ም ሰው በሌለበት ደሴት አድጎ፣ ፍጥረትን በመመልከት ብቻ ፈጣሪውን ያወቀ ሰው ታሪክ ነው። ነገር ግን ሐይ ከአብሳል ስለ ወሕይ ሲሰማ የደረሰበትን እውነት አገኘበት። ወደ ሰዎች ሄዶ ሊያስተምር ሞከረ፤ ሸሹት፤ ሸሪዓቸውን አጥብቀው እንዲይዙ መክሮ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። (መጽሐፉ በ1671 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ በላቲን ስለታተመ፣ ከ«ሐተታ» ጋር ያለው መመሳሰል ለደራሲነቱ ክርክር አንድ ፍንጭ ሊሆን ይችላል።)

አል-ፋራቢ በመልካሚቱ ከተማ ከሕዝቡ የሚለዩትን «ነዋቢት» ብሎ በስንዴ መካከል እንደበቀለ እንክርዳድ ቆጠራቸው። ኢብን ባጀህ ቃሉን ገለበጠው፦ ከተማዋ ከተበላሸች፣ ሳይዘሩት የበቀለው እውነትን የያዘው ብቸኛ ሰው ነው። ይህ ለብቸኛው መጽናኛ እንጂ ለጀማዓው መፍትሔ አይመስለንም።

ኢማሙ አል-ገዛሊ፣ ረሒመሁላህ፣ ሕፃናት ሁሉ በየወላጆቻቸው እምነት ሲያድጉ አይቶ የተቅሊድን ቀንበር ሰበረ፤ በ488 ሂጅራም ባግዳድንና ማስተማሪያ ወንበሩን ትቶ ወጣ። በ499 ግን በነይሳቡር ወደ ማስተማር ተመለሰ። መገለል ምቾትና ስንፍና እንዳይሆንበት ነፍሱን መርምሯል። ከሁሉም የምንመርጠው ይህን መመለስ ነው።

ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በጎረቤታችን ወሎ ተገደው የተጠመቁና እስልምናቸውን በልባቸው የጠበቁ ነበሩ። የእነርሱን መደበቅ ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር አንደባልቅም፤ ለተገደደ ሰው በሱረቱ ነሕል (16፥106) ፈቃድ አለው። በእስቴም ሆነ በስማዳ፣ ሙስሊሙ በብዙ ክርስቲያን ጎረቤቶች መካከል በጥቂት ቁጥር ሲኖር፣ አንድነቱን አጥብቆ መያዙም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጥያቄ ያነሣ ደረሳ «ዝም በል፤ ሰው ይሰማል» ከተባለ ማንም ሳያስገድደው ከገዛ ጀማዓው መደበቅን ይማራል። በሰፍ ይቆማል፤ ልቡ ግን እንፍራዝ ነው። መምህሩም፣ ኢማሙም ይህን ከውጭ ሊያውቁት አይችሉም።

ዘርዐ ያዕቆብ የሸሸገውን በመጨረሻ የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው ነው።