ማካሮቭ፦ በጥቂት ብረት ብዙ ሥራ

ሽጉጥ ታጥቆ የሚውል ሰው መሣሪያውን ከሚተኩስበት ይልቅ ተሸክሞት የሚኖርበት ጊዜ እጅግ ይበዛል። ዕድሉ ከቀናው ከልምምድ ሜዳ ውጭ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ የወገብ ሽጉጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈልግ እንዳይባርቅ፣ በፈለገው ጊዜ ደግሞ እንዳይከሽፍ። ክብደቱ፣ ስፋቱና የሚይዘው ጥይት ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህን ምዘና ለማለፍ ታስበው ከተሠሩት መካከል በእኛም አገር ስሙ በደንብ የሚታወቀው ማካሮቭ ነው።

የሶቪየት ጦር እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ በዋናነት ይታጠቅ የነበረው ቶካሬቭ የተባለውን ሽጉጥ ነው። ቶካሬቭ 7.62 ሚሊ ሜትር የሆነ ፈጣን ጥይት የሚተኩስ ብርቱ መሣሪያ ቢሆንም ረጅምና ከባድ ነበር። ባዶውን 850 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ የከፋው ግን በጣት የሚዘጋ መቆለፊያ አለመኖሩ ነው፤ ጥይት አጉርሶ መያዝ የፈለገ መኮንን የነበረው መከላከያ መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ መተው ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የሽጉጥ ቦታ ተለወጠ። የእግረኛው ዋና መሣሪያ ክላሽንኮቭ ሲሆን፣ ሽጉጥ ለመኮንኑ፣ ለታንከኛውና ለፖሊሱ በቅርብ ርቀት ራስን ማዳኛ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ሥራ ከኃይል ይልቅ ቅለትና ታማኝነት ይበልጥ ይፈለግ ነበር።

ለዚህ የሚሆን አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ በተደረገው ውድድር ከቀረቡት ንድፎች ያሸነፈው የኒኮላይ ማካሮቭ ሥራ ነው። ጥይቱን ያዘጋጀው ደግሞ ቦሪስ ሴሚን ነበር። ሽጉጡ እ.ኤ.አ. በ1951 በይፋ የጦሩ ትጥቅ ሆነ፤ ኢዥየቭስክ በሚገኘው ፋብሪካም በብዛት ይመረት ጀመር። መልኩን ያየ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣውን ጀርመን ሠራሹን ዋልተር ፒፒ ያስታውሳል፤ ማካሮቭም አጠቃላይ አሠራሩን የወረሰው ከእርሱ ነው። ርዝመቱ 161 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 730 ግራም ሲሆን፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል።

የማካሮቭ ብልኃት ሲፈታ ይታያል። ካዝናው ከወጣና ጥይት አለመጉረሱ በዓይን ከተረጋገጠ በኋላ፣ የምላጩ ቀለበት ወደ ታች ተስቦ ትንሽ ወደ ጎን ይደረጋል። ከዚያ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ተስቦ፣ ኋላው ቀና ተደርጎ ወደ ፊት ይወጣል። አለቀ። በእጅ የሚቀረው አፈሙዙ የተተከለበት አካል፣ የላይኛው ብረትና አፈሙዙ ላይ የተጠመጠመ ሞላ ብቻ ነው። እጀታው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ሞላ ብቻውን ሦስት ሥራ ይሠራል፤ መዶሻውን ይገፋል፣ ምላጩን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ታችኛው ጫፉ ደግሞ ካዝናውን ቆልፎ ይይዛል። ጥይት ሲያልቅ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆመው ማቆሚያም፣ በተኩስ ጊዜ ባዶውን ቀለህ ገጭቶ የሚያወጣው እርሱ ራሱ ነው። የሚላላ፣ የሚሰበርና የሚጠፋ ነገር ጥቂት ስለሆነ ብልሽቱም ጥቂት ነው።

በሚተኮስበት ጊዜም አሠራሩ ቀላል ነው። በብዙ ኃይለኛ ሽጉጦች አፈሙዙና የላይኛው ብረት ተቆላልፈው ጥቂት አብረው ከሄዱ በኋላ ይላቀቃሉ። ማካሮቭ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም። አፈሙዙ አይንቀሳቀስም፤ የባሩዱ ጋዝ ቀለሁን ወደ ኋላ ሲገፋው የሚመክተው የላይኛው ብረት ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ጥይቱ አፈሙዙን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ይህ ክብደት ኋላውን ዘግቶ ያቆየዋል። ለዚህ ቅለት የተከፈለው ዋጋ ኃይል ነው። ጥይቱ በጣም ኃይለኛ ቢሆን የላይኛው ብረት እጅግ መክበድ ነበረበት፤ ሽጉጡም የወገብ ሽጉጥነቱ ይቀር ነበር። ስለዚህ የሴሚን ጥይት በመጠኑ እንዲሆን ተደረገ፤ ወደ 300 ጁል ኃይል አለው። በምዕራቡ ዓለም የተለመደው ፓራቤለም የተባለው ጥይት ብዙውን ጊዜ ከ450 ጁል ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁለቱም ጥይቶች በተለምዶ “9 ሚሊ” ይባላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የማካሮቭ ቀለህ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲረዝም የፓራቤለሙ 19 ነው። የእርሳሱም ውፍረት ይለያያል፤ የማካሮቭ 9.27፣ የፓራቤለሙ 9.02 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው አይተካም። ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ከመሣሪያው እኩል የጥይቱን ዓይነትና በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ማካሮቭ እንዳይባርቅ የተሰጠው መልስ በላይኛው ብረት ግራ ጎን ያለው መቆለፊያ ነው። ወደ ላይ ሲገፋ ይቆለፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይከፈታል። ተወጥሮ የነበረ መዶሻ ካለ መቆለፊያው ሲዘጋ መርፌውን ሳይመታ ይወርዳል፤ የላይኛው ብረትም አይሳብም። መቆለፊያው ተከፍቶ መዶሻው እንደወረደ ከሆነ፣ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ከሁለተኛው ጥይት ጀምሮ ግን ይቀላል።

ጉድለቱም ከዚያው ከቅለቱ የመጣ ነው። መርፌውን ወደ ኋላ የሚይዝ ሞላ የለም፤ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ጥይት የጎረሰ ማካሮቭ ከከፍታ በአፉ ቢወድቅ መርፌው በራሱ ክብደት ተወርውሮ ጥይቱን ሊመታ ይችላል። ማነጣጠሪያው ትንሽ ስለሆነ በደብዛዛ ብርሃን አይታይም። ካዝናውም የሚለቀቀው ከእጀታው ሥር ነው፤ ሳይታሰብ ወልቆ አይወድቅም፣ ነገር ግን ለመቀየር ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ወደ አገራችን በብዛት የገባው ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተወዳጀበት ዘመን ነው። ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያና ቻይናም ስለሠሩት ከተለያየ ፋብሪካ የወጣ ማካሮቭ ማግኘት አያስገርምም።

ከማካሮቭ በኋላ የመጡት ሽጉጦች የራሳቸውን መልስ ይዘው መጥተዋል። የኦስትሪያው ግሎክ 19 እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ እጀታው ፕላስቲክ ነበር፤ ባዶውን 600 ግራም ገደማ እየመዘነ 15 የፓራቤለም ጥይት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ደግሞ ከማካሮቭ አጥሮና ቀልሎ 10 ጥይት ይዟል። ግሎክ በጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም፤ ጥበቃው ያለው በውስጡና በምላጩ ላይ ነው። ቢወድቅ እንዳይተኩስ መርፌው በውስጥ ታግዷል። ጣት ወይም የልብስ ጫፍ ምላጩን ከሳበው ግን የሚያስቆመው ነገር የለም። ለግሎክ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር የመሣሪያው አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ምርጫው “የቱ ይበልጣል?” በሚል ጥያቄ አይፈታም። ማካሮቭ በመቆለፊያው ታማኝ ነው፤ ባለቤቱ መቆለፊያውን በጭንቀት ሰዓት መክፈት እንዳይረሳ መለማመድ አለበት። ግሎክ ለመተኮስ ፈጣን ነው፤ ባለቤቱ ጣቱን ከምላጩ ማራቅን ልማድ ማድረግ አለበት። ያገለገለ ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ሞላው መድከሙን፣ የካዝናው ከንፈር መጣመሙን፣ አፈሙዙ ውስጥ ዝገት መኖሩን ባለሙያ ይመልከተው። ሽጉጥ ጥይት ሲያጎርስ ከነከሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካዝናው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዱ ይቀድማል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ማታ ከወገቡ ሲያወርደው ጥይቱን አውጥቶ ልጆች በማይደርሱበት ሳጥን ውስጥ መቆለፍ አለበት። የማካሮቭ መቆለፊያ የሚሠራው የሽጉጡ ጌታ ከዘጋው ብቻ ነው፤ ሳጥኑም እንደዚሁ።